የአንዲት ባቄላ የአምስት ቀን ትምህርት

ልጆች ሆይ፥ በትምህርት ቤት ደወል በተደወለ ጊዜ አንዱን መጽሐፍ ዘግታችሁ ሌላውን ትከፍታላችሁ። በዚያን ጊዜ ከእናንተ አንዳንዱ በልቡ፥ «ነገሩ ገና መግባት ሲጀምረኝ ስለ ምን ያስቆሙኛል? ሰኞን ሙሉ ቀን ንባብ፥ ማክሰኞን ሙሉ ቀን ሒሳብ ብንማር አይሻልምን?» ይላል። ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለምና መልስ ይገባዋል።

መልሱም ሁለት ነው። የፊተኛው ይህ ነው። የሰው አእምሮ እንደ ደረቅ መሬት ነው። ብዙ ዝናም ባንድ ጊዜ ቢወርድበት ውሃው ጐርፎ ይሄዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም፤ ካፊያ በየቀኑ ቢወርድበት ግን እስከ ታች ይርሳል። ኤቢንግሃውስ የተባለ የጀርመን ሊቅ ትርጕም የሌላቸውን ቃሎች በቃሉ እያጠና ራሱን ብዙ ጊዜ ከመረመረ በኋላ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1885 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፥ በልዩ ልዩ ቀን ተከፋፍሎ የተደገመ ነገር ባንድ ቀን ተደራርቦ ከተደገመው ይልቅ በጥቂት ድካም እንደሚያዝ አስረዳ። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ግን ይህን መጽሐፍ ሳያዩ ነገሩን ያውቁት ነበር። ተማሪው ቀን ፊደል ሲቈጥር ውሎ ማታ የቃል ትምህርቱን ይደግም ነበርና። ስለዚህ አባቶች፥ ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ብለው ተናገሩ።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ ይበልጣል። ይኸውም የትምህርት ዓይነቶች ሁሉ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ እንግዶች ሳይሆኑ ባንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች መሆናቸው ነው። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይፈጽመዋል። ይህንም በምሳሌ ለመግለጥ በደጋ አገር ያለች የአንዲት አራተኛ ክፍል ሳምንት እንመልከት። ለምሳሌ የምትሆነንም ሁላችሁ የምታውቋት ባቄላ ናት።

ሰኞ የቋንቋ ቀን ይሁን። መምህሩ ሦስት ዕቃ አዘጋጅቶ በያንዳንዱ 10 ባቄላ ያኖራል። በፊተኛው ዕቃ ባቄላዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልላቸዋል፤ በሁለተኛው እንደ ደረቁ ይተዋቸዋል፤ በሦስተኛው ግን እስከ አፉ ውሃ በተሞላ ጠርሙስ አስጥሞ ይከድናቸዋል። ልጆቹም ያዩትን በደብተራቸው ይጽፋሉ። በዚህ ጊዜ ቃልን መምረጥ ይማራሉ፤ «ረጠበ»፥ «ራሰ»፥ «በሰበሰ» ማለት አንድ አይደለምና። ቃሉን ያሳተ ሰው ነገሩንም ያስታል።

ማክሰኞ የሒሳብ ቀን ነው። ልጆቹ መሥመር አስምረው ሠንጠረዥ ያበጃሉ። ባቄላይቱ ከመነከርዋ በፊትና ከተነከረች በኋላ ስንት ሚሊሜትር እንደ ሆነች በማስመሪያ ይለካሉ። በሚዛን ቢመዝኗትም ውሃ የጠገበች ባቄላ ከደረቂቱ እጥፍ ያህል ትከብዳለች። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የበቀሉትን ይቈጥራሉ። ከ10 ባቄላ 8 ብቻ ቢበቅሉ፥ ከመቶው 80 ይበቅላል ማለት ነው። እንግዲህ 400 ችግኝ የሚፈልግ ገበሬ ስንት ፍሬ ይዝራ? 400 ቢዘራ 320 ብቻ ይበቅልለታል፤ 500 ቢዘራ ግን የፈለገውን ያገኛል። ይህ ቍጥር በሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚጠፋ ጨዋታ አይደለም፤ የዓመት ምግብ የሚታወቅበት ነው።

ረቡዕ የተፈጥሮ ትምህርት ነው። ልጆቹ በየዕለቱ ጨርቁን እየገለጡ ያያሉ። ክፍሉ ሞቃት ቢሆን ከጥቂት ቀን በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ያለችው ባቄላ ከዓይኗ አጠገብ ነጭ ሥር ታወጣለች። ደረቂቱ እንዳለች ትኖራለች፤ ውሃ የላትምና። በጠርሙስ የሰጠመችውም ትበሰብሳለች፤ ውሃ ቢተርፋት አየር ያጥራታልና። ስለዚህ ዘር እንዲበቅል ውሃና አየር ሙቀትም አብረው ይፈለጋሉ፤ አንዱ ቢጐድል ሁለቱ ብቻቸውን አይረቡም። ደግሞ ባቄላይቱን በጐኗ ወይም ገልብጠው ቢያኖሯት ሥሯ ተጠምዝዞ ወደ ታች ይሄዳል፤ ታች ወዴት እንደ ሆነ የምድርን ስበት ታውቃለችና።

በማሳ ላይ ያደገችውን ባቄላ ነቅላችሁ ብታዩ በሥሯ ላይ ትናንሽ እባጮች ታገኛላችሁ። በነዚህ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕያዋን ይኖራሉ። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጅ ናይትሮጅን የሚባለው ነው፤ ተክል ግን ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። እነዚያ ረቂቃን ናይትሮጅኑን ለውጠው ለባቄላይቱ ይመግቧታል፤ መሬቱም ከዚህ ይጠቀማል። ይህን ሄልሪገልና ዊልፋርት የተባሉ ሁለት ጀርመኖች በፈረንጅ አቈጣጠር በ1888 ዓመት አስረዱ። የአገራችን ገበሬ ግን ገብስ ወይም ስንዴ የደከመበትን መሬት በባቄላ ያሳርፈዋል። ምክንያቱን በመጽሐፍ ባያነብም ፍሬውን በዓይኑ አይቷልና። ስለዚህ ማንም ልጅ ፊደል ስለ ቈጠረ ብቻ ያልተማረውን አባቱን አይናቅ፤ በቤቱም ይጠይቅ።

ሐሙስ የምድር ትምህርት፥ ማለት ጂኦግራፊ ነው። ባቄላ በአገራችን ይበልጡን ከ1,800 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር ይዘራል። ስለ ምን በቈላ አይዘራም ቢሉ፥ ወደ ላይ 1,000 ሜትር በተወጣ ቍጥር ብርዱ በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ወደ ታች ሲወርዱም ሙቀቱ እንዲሁ ይጨምራል፤ ባቄላም ብርዳም አገር ትወዳለችና ነው። ደብረ ብርሃን ከድሬ ዳዋ በ1,600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። የማክሰኞን ሒሳብ ያልዘነጋ ልጅ እዚህ ላይ 6ን ባንድ ነጥብ ስድስት አባዝቶ፥ የሁለቱ አገር ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል እንደሚለያይ ራሱ ያገኛል። ማክሰኞን የዘነጋ ልጅ ግን ሐሙስን በሰው አፍ ብቻ ይሰማዋል።

ዓርብ የሥዕልና የግብረ ገብ ቀን ነው። ልጁ ባቄላይቱን ሲሥል፥ እስከ ዛሬ ሲያያት ያላያትን ያያል፤ እጅ ሊሥለው ያልቻለውን ዓይን በእውነት አልተመለከተውምና። ከዚያ በኋላ ፈተና ይመጣል። የጓደኛው ባቄላ 8 የበቀለለት፥ የርሱ ግን 5 ብቻ የበቀለለት ልጅ በደብተሩ ምን ይጽፋል? ዕፍረት «8 ብለህ ጻፍ» ይለዋል። ነገር ግን ይህን ቢጽፍ የአምስቱን ቀን ድካም ሁሉ ያበላሻል። ንባቡ ሐሰት፥ ሒሳቡም ሐሰት ይሆናል፤ በዚያ ቍጥር የሚዘራውም ሰው ይራባል። «5 በቀለ፥ 5 በሰበሰ» ብሎ የጻፈው ልጅ ግን ጨርቁ ውሃ በዝቶበት እንደ ነበር መርምሮ ሊያገኝ ይችላል። እንግዲህ እውነት መናገር ከሌላው ትምህርት የተለየ አንድ ትምህርት አይደለም፤ ሁሉ የቆመበት መሠረት ነው።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ «ንባብ እወዳለሁ፤ ሒሳብ ግን ዕጣዬ አይደለም» የሚል ልጅ ራሱን ይጐዳል። ሒሳብን ሲተው ብቻዋን የምትቀር አይምሰለው፤ ተፈጥሮንና ጂኦግራፊንም እጃቸውን ይዛ ትወጣለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏል፤ ከድሩ አንዱ ቢበጠስ ግን የቀረው ይላላል።

ሁለተኛ፥ አንድ ቀን መቅረት የአንድ ቀን ጕዳት ብቻ አይደለም። በገጠር ልጅ በገበያ ቀን ከብት ሊጠብቅ፥ ወይም እናቱ ስትታመም ውሃ ሊቀዳ ይቀራል። የቤት ችግር እውነተኛ ነውና እንዲህ ያለውን ወላጅ መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን ልጁ በተመለሰ ጊዜ ወደ ጨዋታ ከመሮጡ በፊት የጓደኛውን ደብተር ለምኖ ያለፈውን ይመልከት፤ ያልገባውንም መምህሩን ይጠይቅ። ራሱ ያልለካውን ግን እንደ ለካ አድርጎ አይጻፍ። ወላጅም ሥራው ቢፈቅድለት፥ ልጁን ከማስቀረቱ አስቀድሞ «ነገ ምን ትማራለህ?» ብሎ ይጠይቀው።

ስለዚህ ልጄ ሆይ፥ ደወል በተደወለ ጊዜ አታጕረምርም። የዘጋኸው መጽሐፍ አልተለየህም፤ በሚቀጥለው መጽሐፍ ውስጥ ይጠብቅሃል። ከመምህራንህ አንዱን መርጠህ ሌላውን አትናቅ። ዓርብ ማታም ወደ ቤትህ ስትመለስ በሳምንቱ የተማርኸውን ለታናሽ እኅትህ ወይም ለአባትህ ተናገር፤ ለሌላ ሰው ልታስረዳው የቻልኸው ነገር በእውነት ያንተ ሆኗልና።