እውነት ወይስ ተረት፦ የጨንቻ ጉም መብራት ውስጥ ይገባል?

ማለዳ ከጨንቻ ወርዶ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የቆመ መኪና ስታገኙ የፊት መብራቱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መስታወቱ ጭጋግ ለብሷል። በጨርቅ ቢወለውሉት አይለቅም፤ ያለው በውስጥ በኩል ነዋ። «የደጋው ጉም ገባበት» ይላል ሾፌሩ። ተሳፋሪውም ያምነዋል፤ ዶርዜ ላይ ያንን ጉም አብሮት ሰንጥቆ መጥቷልና።

ተረት ነው። ጥፋተኛው ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። የዛሬ መኪና መብራት ድፍን አይደለም፤ ከጀርባው ትንንሽ መተንፈሻዎች አሉት። ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አርባ ምንጭ 1,300 አካባቢ። ደጋ ላይ ስስ የነበረው አየር ቁልቁለቱን ሲወርዱ እየከበደ ይመጣል፤ መብራቱም እግረ መንገዱን የቆላውን አየር ይምጋል። ያ አየር የአባያ ሐይቅን እርጥበት የጠገበ ነው፤ መስታወቱ ግን ገና ብርዱን አልለቀቀም። የቀዘቀዘ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠርሙሱ የሚያልበው በዚሁ ምክንያት ነው። 30 ዲግሪ የሞቀ አየር በአንድ ሜትር ኩብ እስከ 30 ግራም ውሃ ይሸከማል፤ 10 ዲግሪ ሲደርስ ከ9 ግራም ብዙም አያልፍም። የተረፈው መስታወቱ ላይ ያርፋል።

«ጭጋግ ካየህ መብራቱ ተበላሽቷል» የሚባለውስ? ጭጋጉ ስስ ከሆነና መብራቱን አብርታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ስትነዱ ከጠፋ ጤና ነው። ጠብታ ሆኖ ከወረደ ወይም ከታች ውሃ ካቆረ ግን የሆነ ቦታ ያስገባል።

ከሁሉም የከፋው ምክር «ዙሪያውን በሲሊኮን ድፈነው» የሚለው ነው። እኔም ሰምቼ አድርጌዋለሁ። መተንፈሻዎቹን ጭምር ደፈንኳቸው፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ እስኪያልፍ እዚያው ከረመ። በመጨረሻ አንጸባራቂው የአሉሚኒየም ልባስ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተላጠ። እሱ ከተላጠ ወዲያ አምፖል ቢቀያይሩ ዋጋ የለውም።

«ኤልኢዲ አምፖል ጭጋግ ያመጣል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ሃሎጅን ሙቀቱን ወደፊት ስለሚለቅ መስታወቱን ያደርቃል፤ ኤልኢዲ የሚሞቀው በጀርባው ነው። ትልቁ ጣጣ ግን ሌላ ነው፦ የአምፖሉ ጭራ ረዝሞ የጎማ ክዳኑ አልገጥም ሲል የሚገጥመው ሰው ክዳኑን ጥሎት ይሄዳል። በዚያ ቀዳዳ ጭቃውም ውሃውም ይገባል።

በጥርስ ሳሙና መወልወልስ? የውጪውን ብጫ ይቀንስ ይሆናል፤ ውስጥ አይደርስም። ከጫማ ካርቶን የሚወጣው እርጥበት መጣጭ ከረጢትም መብራቱ ውስጥ ቢከቱት ቶሎ ይጠግብና ሥራውን ያቆማል። (የድሮ ላንድሮቨር ያላቸው በዚህ ሁሉ ይስቁብን ይሆናል፤ የብዙዎቹ ክብ መብራት መስታወቱም ክሩም አንድ ላይ የታሸገ ነው። ክሩ የተቃጠለ ቀን ግን ሙሉው ይጣላል።)

ታዲያ ምን ይሻላል? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ከፍታችሁ የመብራቱን ጀርባ በእጃችሁ ዳብሱ። የጎማ ክዳኑ ጠርዝ ተጣጥፎ ወይም ደርቆ ተሰንጥቆ ከሆነ ቀይሩት፤ መተንፈሻውን አቧራ ከደፈነው በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ውስጡ ከረጠበ ክዳኑን አውልቃችሁ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሙት፤ ሲደርቅ መልሳችሁ ግጠሙ። ላቫጆ ስትገቡም አጣቢውን ልጅ ቀድማችሁ፦ «ወንድሜ፣ መብራቱ ዙሪያ ላይ ፕሬሸሩን አታስጠጋው» በሉት።