አፈሩ ለምን ሻገተ? ከባሕሪ ይዘነው የመጣነው ትምህርት



ባለፉት ሳምንታት ከየክፍሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲደርሰን ነበር። «በጣሳ የተከልነው በሶብላ አፈሩ ላይ ነጭ፣ ጥጥ የሚመስል ነገር አወጣ። በሽታ ነው እንዴ? እንጣለው ወይ?» የሚል ነው። መልሳችን ባጭሩ «አትጣሉት» ነው። እንዲህ አፋችንን ሞልተን የምንናገረው ብልጦች ሆነን አይደለም፤ እኛ ራሳችን አንድ ጊዜ ጥለን ስለተጸጸትን ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ሻጋታ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚመጣና ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ሳንጨርሰው ከቀረነው ትምህርትና በእጃችን ከሞከርነው አጣምረን እናካፍላችኋለን።

ባሕሪ ላይ ምን ሆነ?

ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከመነሣቱ በፊት፣ ከኛ ጥቂቶቻችን ባሕሪ ውስጥ በኪራይ ግቢ የስደተኛ ልጆችን እናስተምር ነበር። ባሕሪን ለማታውቁ፣ ከካርቱም በስተሰሜን፣ በዓባይ ማዶ ያለች ከተማ ናት። ትምህርት ቤታችን ሁለት ክፍልና አንድ «ሆሽ» ነበረው፤ ሱዳኖች ግቢን እንዲያ ነው የሚሉት። ለሳይንስ ትምህርት ብለን እያንዳንዱ ልጅ በዱቄት ወተት ጣሳ አንድ ተክል እንዲይዝ አደረግን። አንዱ በሶብላ፣ አንዱ ሬት፣ አንዲት ልጅ ደግሞ አያቷ ከጎንደር በላኩት ዘር ጤና አዳም ዘራች።

ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲበዛ ጣሳዎቹን ወደ ክፍል አስገባናቸው። መስኮት ዘጋን። ልጆቹም ተክላቸውን ስለሚወዱ ጧት ጧት ያጠጣሉ፣ ማታ ሲወጡም ያጠጣሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አፈሩ ሁሉ ነጭ ለበሰ። ከመምህራኑ አንዱ «ይሄ ተላላፊ በሽታ ነው» አለ፤ ሌላው «ልጆቹን ያስላቸዋል» አለ። ሳንጠይቅ ሳንመረምር 22ቱንም ጣሳ ቆሻሻ መጣያው ላይ ደፋናቸው።

በነጋታው የልጅቷ እናት መጡ። አልተቆጡም። «መምህር፣ እንጀራ ስለሻገተ ምጣዱ ይጣላል እንዴ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። መልሱን ለማግኘት ነው እንግዲህ ማንበብና መሞከር የጀመርነው።

ሻጋታ ምንድን ነው?

ሻጋታ የፈንገስ ወገን ነው። ፈንገስ ተክልም እንስሳም አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሕያው ነገር ነው። እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን መሥራት አይችልም። ስለዚህ የሞተ ቅጠል፣ የበሰበሰ ሥር፣ ፍግ፣ የምግብ ትርፍራፊ ይፈልጋል። ምግቡንም እንደኛ ውጦ አይፈጭም። የሚያሟሟ ፈሳሽ ወደ ውጭ ይለቅና የሟሟውን መልሶ ይመጠዋል። ለዚህ ሥራ ውኃ የግድ ነው።

እኛ በዓይናችን የምናየው ጥጥ መሳይ ነገር የፈንገሱ ክሮች ስብስብ ነው። የሚራባው ደግሞ ስፖር በሚባሉ እጅግ ደቃቅ ዘሮች ነው። ስፖር በአየሩም፣ በአፈሩም፣ በልብሳችንም አለ። እንጀራ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ሲሻግት ስፖሩን ማንም ሰው ሆን ብሎ አላመጣበትም፤ ድሮም አየሩ ላይ ነበረ። የጣሳው አፈርም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ሻጋታው ከየት መጣ?» ሳይሆን «ምን ተመችቶት በቀለ?» ነው።

የሰው ዓይንም ሆነ እርግማን የለበትም። ይህን የምንለው አንዳንድ ልጆች እርስ በርስ «ያንተ ዓይን ነው» ተባብለው ሲጣሉ ስላየን ነው።

ካርቱም ደረቅ አገር አይደለም እንዴ?

ይሄን ጥያቄ እኛም ጠይቀናል። የካርቱምና የባሕሪ አየር የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ውጭ የተሰጣ ልብስ ወዲያው ይደርቃል። ታዲያ ሻጋታ ከየት? መልሱ ሻጋታው የሚኖረው በከተማው አየር ሳይሆን በጣሳው ውስጥ መሆኑ ነው። ውጭ በጋ ቢሆንም ጣሳው ውስጥ ክረምት ሊኖር ይችላል። ያን ክረምት የሚፈጥሩት ደግሞ እኛው ነን። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

1ኛ. ውኃ ማብዛት። ዋናው ይሄ ነው። የላይኛው አፈር ሳይደርቅ ደጋግሞ ማጠጣት ሻጋታውን ያሳድጋል፤ ሥሩንም አየር ያሳጣዋል። በተለይ በታኅሣሥና በጥር ቀዝቀዝ ሲል ተክሉ የሚጠጣው ይቀንሳል። እኛ ግን በግንቦት ሙቀት የለመድነውን ያህል እናጠጣለን።

2ኛ. ቀዳዳ የሌለው ጣሳ። የወተትም ሆነ የዘይት ጣሳ የተሠራው እንዳያፈስ ነው። የተረፈው ውኃ ታች ይጠራቀምና አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ብዙዎቻችን ከታች ጠጠር እንደረድራለን፤ ይሄ ግን አይረዳም። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው ከላይ ያለው አፈር ጠግቦ መያዝ ሲያቅተው ብቻ ነው። የተነከረ ስፖንጅ ጠጠር ላይ ብታስቀምጡት ውኃውን ይዞ እንደሚቀር ማለት ነው።

3ኛ. የአፈሩ ዓይነት። ባሕሪ ላይ አፈር የምናመጣው ከዓባይ ዳር ነበር። ያ አፈር ዓባይ ባለፉት ዘመናት ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ ያወረደው ደለል ነው። ለእርሻ ጥሩ ነው፣ በጣሳ ሲሆን ግን ደቃቅ ስለሆነ ይጠቀጠቃል፣ ውኃም ይይዛል። እዚህ ገዳሪፍ ያለው ደግሞ እኛ ዋልካ የምንለው ጥቁር አፈር ነው። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለጣሳ ብቻውን አይሆንም።

4ኛ. የሻጋታ ቀለብ። ቡና ሲፈላ አተላው «ለተክል ማዳበሪያ ነው» ተብሎ ጣሳ ላይ ይደፋል። የሻይ ቅጠልም እንዲሁ። ያልበሰለ ጥሬ ፍግ፣ የወደቀ ቅጠል፣ የእንጀራ ፍርፋሪም አለ። እነዚህ ሲበሰብሱ አፈርን ያዳብራሉ፣ እውነት ነው። ነገር ግን በትንሽ ጣሳ ላይ፣ እርጥብ ሆነው ከተከመሩ መጀመሪያ የሚበላቸው ሻጋታ ነው።

5ኛ. የታፈነ አየርና ጥላ። ፀሐይና ንፋስ የላይኛውን አፈር ያደርቃሉ። እኛ ሀቡብ ፈርተን መስኮቱን ስንዘጋ ሁለቱንም ከለከልናቸው። በዚያ ላይ ክፍሉ ውስጥ ሱዳኖች «ሙከይፍ ሞያ» የሚሉት ማቀዝቀዣ ነበር። ይሄ መሣሪያ በረጠበ ገለባ ውስጥ አየር እያሳለፈ ነው የሚያቀዘቅዘው፤ ስለዚህ እርጥበት ወደ ክፍሉ ያስገባል። እርጥቡ አየር የሚወጣበት መስኮት ካልተከፈተ ክፍሉ እንደ እንፋሎት ቤት ይሆናል።

6ኛ. የዚር ሥር። ዚር የሚባለው የሸክላ ውኃ መያዣ ሲያልበው ይንጠባጠባል። ውኃው በከንቱ እንዳይፈስ ብለን ከሥሩ ጣሳ እናስቀምጣለን። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጠብታው ግን ሌት ተቀን ስለማይቆም አፈሩ የመድረቂያ ጊዜ አያገኝም። ጠብታውን በሌላ ዕቃ አጠራቅሞ ተክሉ ሲፈልግ ማጠጣት ይሻላል።

7ኛ. ለተክሉ የማይመጥን ጣሳ። ትንሽ ችግኝ በትልቅ ቆርቆሮ ከተተከለ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውኃውን የሚጠጣለት የለም፤ እርጥብ ሆኖ ይቀመጣል።

ነጭ ሁሉ ሻጋታ አይደለም

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውኃው ጨው ካለበት፣ ውኃው ሲተን ጨው አፈሩ ላይና በጣሳው ከንፈር ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። በጣት ስትነኩት ጠንካራና ፍርክስክስ የሚል ነው፤ ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ሻጋታ ግን ለስላሳ ነው፣ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ክር ክር ይላል። አረንጓዴ ልባስ ካያችሁ ደግሞ አልጌ ነው፤ እሱም የእርጥበት ምልክት ነው። አንዳንዴ ትንንሽ የጅብ ጥላ ይበቅላል። ልጆች እንዳይቀምሱት ነቅላችሁ ጣሉት።

ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?

አፈር ላይ የሚወጣው ነጭ ሻጋታ ባብዛኛው የሞተ ነገር ነው የሚበላው፤ ጤነኛውን ተክል አይነካም። እንዲያውም የወደቀውን ቅጠል ወደ አፈር የሚመልሱት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ናቸው። ሊጡን የሚያቦካው እርሾም የፈንገስ ዘመድ አለበት። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ ፔኒሲሊንን ያገኘው በሻጋታ ምክንያት ነው።

ግን ችላ አይባልም። ሻጋታው «አፈሩ ውኃ በዝቶበታል» የሚል መልእክት ነው። መልእክቱን ካልሰማን ሥር ይበሰብሳል፤ ገና የበቀሉ ችግኞች ከአንገታቸው ቀጥነው ይወድቃሉ፤ በእርጥብ አፈር የሚፈለፈሉ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦችም ይመጣሉ። ሰውን በተመለከተ፣ አስም ወይም አለርጂ ያለባቸውን ስፖሩ ሊያስላቸውና ሊያፍናቸው ይችላል። በሕመም ምክንያት የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ደግሞ ከሻገተ አፈር መራቅ አለባቸው። ስለዚህ ያ መምህር «ያስላቸዋል» ሲል ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የተሳሳትነው መፍትሔው ላይ ነው።

ሻጋታ ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ?

ሀ) ጣሳውን ከክፍል አውጡት። ውኃ ማጠጣት አቁሙ።

ለ) ደረቅ ሻጋታ ስትነኩት ስፖሩ ይበናል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥቂት ውኃ እርጩበት፣ አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ከላይ ሁለት ጣት ያህል አፈር ፍቃችሁ ከግቢ ውጭ ቅበሩት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አስም ያለበት ልጅ ይሄን ሥራ አይሥራ።

ሐ) በምስማር ከጣሳው ሥር አምስት ስድስት ቀዳዳ ብሱ። ውኃው እንዲወጣ ጣሳውን በጡብ ስባሪ ላይ አስቀምጡት።

መ) አፈሩን ስታዘጋጁ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ቀላቅሉ። ዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ ነስንሶ መተው ለውጥ አያመጣም።

ሠ) ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥብ ከሆነ ለነገ ተዉት። ጤና አዳምና ሬት ፀሐይ ይወዳሉ፣ ውኃ ብዙም አይፈልጉም። በሶብላ ከነሱ የበለጠ ይጠጣል። ሁሉንም በአንድ ልክ ማጠጣት ስሕተት ነው።

ረ) ቀረፋ መነስነስ የሚሉ አሉ። ቀረፋ ፈንገስን የሚያዳክም ነገር አለው፤ ነገር ግን ውኃው ካልቀነሰ ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል። ቀረፋችሁን ለሻይ አቆዩት።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ

መምህራን፣ አራት እኩል ጣሳ አዘጋጁ። አፈሩ፣ ተክሉ፣ የውኃው መጠን አንድ ይሁን። የመጀመሪያው ቀዳዳ ያለው፣ ብርሃን ላይ የተቀመጠ፣ ምንም ያልተጨመረበት ይሁን፤ ሌሎቹን የምናወዳድረው ከሱ ጋር ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ብቻ አይኑረው። ሦስተኛው የቡና አተላ ብቻ ይጨመርበት። አራተኛው ጥላና የታፈነ ቦታ ብቻ ይቀመጥ። በያንዳንዱ የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ለልጆቹ አስረዱ። ለ14 ቀን በየቀኑ ያዩትን በደብተራቸው ይጻፉ። የትኛው ቀድሞ እንደሻገተ፣ የትኛው ጭራሽ እንዳልሻገተ እነሱ ይንገሩን። ውጤቱን ላኩልንና በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ለማጠቃለል

ያቺ ልጅና እናቷ በዚያን ቀን ቆሻሻ መጣያውን ፈልገው ጣሳቸውን አገኙት። ቤታቸው ወስደው ከሥሩ በሱት፣ የላዩን አፈር ፋቁት፣ ፀሐይ የሚያገኘው ግንብ ላይ አስቀመጡት። ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ ልጅቷ ለቡና የሚሆን አንድ ቅርንጫፍ ጤና አዳም ይዛልን መጣች። ከ22ቱ ጣሳ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። በኋላ ጦርነቱ ሁላችንንም በተነን።

እዚህ ካምፕ ስንደርስ እንደገና በጣሳ መትከል የጀመርነው ያንን አስበን ነው። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ይበረታል፣ ዋልካውም ውኃ ይይዛል፣ ሻጋታም መውጣቱ አይቀርም። ሲወጣ አትደንግጡ፤ ልጆቹንም አትቆጡ። የበዛውን ውኃ፣ የተደፈነውን ቀዳዳ፣ የተዘጋውን መስኮት ፈልጉ። ምጣዱን አትጣሉት።

ለዛሬው በዚህ እንሰናበታለን። ቸር ይግጠመን።