ያውቁ ኖሯል? የእሽቅድምድም ሹፌሮች ጉድ!

የቤት መኪና እንዲነዳ ሳይፈቀድለት የፎርሙላ ዋን የእሽቅድምድም መኪና የነዳ ልጅ እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? ማክስ ቨርስታፐን እ.ኤ.አ. በ2015 አውስትራሊያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወዳደር ገና 17 ዓመቱ ነበር። መንጃ ፈቃድ አልነበረውም! ፈቃዱን ያወጣው 18 ዓመት በሞላው ዕለት ነው። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ስፔን ላይ አንደኛ ወጣ!

ዛሬ እንዲህ ያለው ነገር ቀላል አይደለም! ፎርሙላ ዋን መግባት የሚሻ ሰው ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ስሙም ሱፐር ላይሰንስ ይባላል። በ2016 በጠበቀው ደንብ እሱን ለማግኘት እንደማንኛውም ሰው መንጃ ፈቃድ፣ በታዳጊዎች ውድድር የተሰበሰበ 40 ነጥብ፣ በፎርሙላ ዋን መኪና የተነዳ 300 ኪሎ ሜትር ሙከራና የጽሑፍ ፈተና ተጠየቀ። ፈተናው ለእነሱም አልቀረም!

ባሸነፉ ቁጥር የሚያስከፍል ሥራ ሰምተው ያውቃሉ? የሱፐር ላይሰንስ ዓመታዊ ክፍያ የሚሰላው ባለፈው ዓመት በተገኘው ነጥብ ነው። ቨርስታፐን በ2023 ከ22 ውድድሮች 19ኙን አሸነፈ። ለቀጣዩ ዓመት ፈቃድ ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተጠየቀ!

ብራዚላዊው አየርተን ሴና በአራት ዓመቱ የነዳት የመጀመሪያ መኪና ሞተሯ የሣር ማጨጃ ነበር! አባቱ ናቸው የሠሩለት። ጉልበቷ አንድ የፈረስ ጉልበት ብቻ! ልጁ ግን ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ሚካኤል ሹማከርም በአራት ዓመቱ ጀመረ። አባቱ በፔዳል የምትሄድ የልጅ መኪና ላይ የሞተር ሳይክል ሞተር ገጠሙለት። እሱም ወስዶ ከመብራት ምሰሶ ጋር አላተማት! ሰባት የዓለም ዋንጫ የተጀመረው በምሰሶ ነው!

ፈርናንዶ አሎንሶን ሻምፒዮን ያደረገችው ለእህቱ የተሠራች መኪና ናት ቢባል ያምናሉ? አባቱ በእጃቸው የሠሯትን ትንሽ የመወዳደሪያ መኪና ለታላቅ እህቱ ሰጧት። እሷ ፊት ነሳቻት! የሦስት ዓመቱ ፈርናንዶ ወረሳት። በ2005 እና በ2006 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ አርባን አልፎም ውድድሩን አልተወም!

ልጅን ለዚህ ሥራ ማብቃት ቤት ያሸጣል! የፈረንሳዊው ኢስቴባን ኦኮን ወላጆች ቤታቸውን ሸጠው በተጎታች መኪና ውስጥ እየኖሩ ከውድድር ውድድር አዞሩት። በ2021 ሃንጋሪ ላይ አንደኛ ወጣ!

ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ ቤተሰቡ ባለጠጋ ነበር፤ ለውድድር ግን ሳንቲም አልሰጡትም! ከባንክ ተበደረ። መያዣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሕይወት ኢንሹራንሱ!

የአሥር ዓመት ልጅ ወደ አንድ ትልቅ ሰው ቀርቦ «አንድ ቀን የእርስዎን መኪና መንዳት እፈልጋለሁ» ቢል ምን ይሉታል? ልጁ ሉዊስ ሃሚልተን፣ ሰውዬው የማክላረን ቡድን አለቃ ሮን ዴኒስ ነበሩ። በ13 ዓመቱ አስፈረሙት! በ2007 በፎርሙላ ዋን የተወዳደረ የመጀመሪያው ጥቁር ሹፌር ሆነ። ሰባት ጊዜም ሻምፒዮን!

በብልጫ ያለፈ ተማሪ ክፍሉን መድገም እንደማይችል ሁሉ፣ ከፎርሙላ ዋን አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው የፎርሙላ 2 ውድድር ሻምፒዮንም ወደዚያው ውድድር መመለስ አይፈቀድለትም! ወደ ላይ ቦታ ካላገኘ ዋንጫውን ይዞ ሥራ ይፈልጋል። ላይ ያለው ቦታ ደግሞ ስንት ነው? ለመላው ዓለም 22 ወንበር! እሱም ከ2026 ጀምሮ ተጨምሮ ነው፤ ቀድሞ 20 ነበር።

ጌም እየተጫወተ ሹፌር የሆነም አለ! እንግሊዛዊው ጃን ማርደንቦሮ በ2011 በቪዲዮ ጌም ውድድር ብዙ ሺህ ሰዎችን አሸንፎ እውነተኛ መኪና ተሰጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ 24 ሰዓት ሙሉ በሚነዳበት የለማን ውድድር በምድቡ ሦስተኛ ወጣ!

ዘግይቼያለሁ ብለው ተስፋ ቆርጠዋል? አርጀንቲናዊው መካኒክ ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ አምስተኛውን የዓለም ዋንጫ ሲወስድ 46 ዓመቱ ነበር! የሞናኮው ሉዊ ሺሮን ደግሞ በ55 ዓመቱ ፎርሙላ ዋን ነድቷል!

ይኸው ፋንጂዮ በ1958 ለውድድር ኩባ ሄዶ ተጠለፈ! ጠላፊዎቹ የፊደል ካስትሮ ሰዎች ነበሩ። በክብር አስተናግደው፣ ውድድሩ ካለፈ በኋላ በሰላም ለቀቁት!

ተቀምጦ መንዳት ሥራ ነው? በኃይለኛ ፍሬን ጊዜ የሹፌሩ ጭንቅላት ከነሄልሜቱ ክብደቱ አምስት እጥፍ ይሆናል! አንገታቸው የሚደነድነው ለዚህ ነው። በሞቃት አገር አንድ ውድድር ሁለትና ሦስት ኪሎ በላብ ያስወጣል!

የሜክሲኮ ሲቲ መወዳደሪያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ፍሬኑም ቶሎ አይበርድም። የዓለም ሹፌሮች ይማረሩበታል! የእኛዋ ከተማ ሆሳዕናስ? እሷም ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የሆሳዕና ሰው ከሆኑ ይህን አየር በየቀኑ ይስቡታል!

ከአዲስ አበባ ሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፎርሙላ ዋን አንድ ውድድር 305 ኪሎ ሜትር! አጭሩ የሞናኮው እንኳ 260 ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው!

ጎሚስታ ቤት አንድ ጎማ እስኪቀየር ስንት ሻይ ይጠጣሉ? የማክላረን ሠራተኞች በ2023 ኳታር ላይ አራቱንም ጎማ በ1.80 ሰከንድ ቀየሩ! ስኳሩን ሳያማስሉ መኪናው ሄዷል!

በፎርሙላ ዋን ታሪክ ነጥብ ያገኘች ሴት አንዲት ብቻ ናት! ጣሊያናዊቷ ሌላ ሎምባርዲ፣ በ1975። ያገኘችው ስንት ነጥብ? ግማሽ! ውድድሩ በአደጋ ምክንያት በመሃል ስለተቋረጠ ነጥቡ ለሁሉም ለሁለት ተካፈለ።

ግማሽ ነጥብ ምን ይሠራል አይበሉ! በ1984 ኒኪ ላውዳ አላን ፕሮስትን ቀድሞ የዓለም ዋንጫ የወሰደው በግማሽ ነጥብ ብልጫ ነው!

ያም ላውዳ በ1976 ጀርመን ላይ በእሳት ተቃጥሎ ቄስ ተጠርቶለት ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቁስሉ ሳይሽር ተመልሶ አራተኛ ወጣ! ኋላም የራሱን አየር መንገድ አቋቋመ!

ጣሊያናዊው አሌክስ ዛናርዲ በ2001 በአደጋ ሁለት እግሮቹን አጣ። በ2005 በሰው ሠራሽ እግር ነድቶ የመኪና ውድድር አሸነፈ! ይህም አልበቃው፤ በእጅ በሚነዳ ብስክሌት አራት የፓራሊምፒክ ወርቅ ሰበሰበ!

የአሜሪካው ኢንዲያናፖሊስ 500 አሸናፊ ሻምፓኝ አይረጭም፤ ወተት ይጠጣል! ነገሩን የጀመረው ሉዊስ ሜየር በ1936 የጠጣው አሬራ ነበር። አዎ፣ አሬራ! በ1993 ብራዚላዊው ኤመርሰን ፊቲፓልዲ የብርቱካን እርሻ ስለነበረው ጭማቂ ቢያስቀድም ተመልካቹ ጮኸበት!

የሀደሮና የዱራሜ ሰው ከሐምበሪቾ ተራራ 777 ደረጃዎች ጋር ይተዋወቃል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ፓይክስ ፒክ የሚባል ተራራ በመኪና ይሽቀዳደሙበታል። 156 ኩርባ! ጫፉ ከ4,300 ሜትር በላይ! በ2018 ፈረንሳዊው ሮማን ዱማ በኤሌክትሪክ መኪና ስምንት ደቂቃ ሳይሞላው ጫፍ ደረሰ!

ጎረቤታችን ኬንያም ጀግና አላት! መካኒኩ ጆጊንደር ሲንግ በ1965 ወንድሙን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ያገለገለች ቮልቮ እየነዳ፣ የሳፋሪ ራሊን አሸነፈ። በ1974 እና በ1976ም ደገመው፣ ሠለሰው!

አፍሪካ እስከ ዛሬ ያፈራችው የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተር፣ በ1979 በፌራሪ! ከጡረታ በኋላ ምን ሆነ? ገበሬ! እንግሊዝ አገር ጎሽ እያረባ አይብ ያመርት ገባ!