ያውቁ ኖሯል? ከቦሌ ተነስቶ ስንት ይርቃል?

ከቦሌ እጅግ የሚርቀው አውሮፕላን ማረፊያ ሲድኒም ሎስ አንጀለስም አይደለም፤ ኑኩ ሂቫ ነው። ፓስፊክ ውቅያኖስ መሐል፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዢያ ሥር ያለች ደሴት ናት። ርቀቱ 19,900 ኪሎ ሜትር ግድም። የምድር ዙሪያ 40,000 ገደማ ስለሆነ፣ ከኑኩ ሂቫ አልፈው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቁ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ አዲስ አበባ መመለስ ጀመሩ ማለት ነው። በምሥራቅ ቢነሱ በምዕራብ፣ መንገዱ ያው ሊባል ይችላል። ቀጥታ በረራ ግን አይፈልጉ፤ የለም።

የኑኩ ሂቫ ሰዓት ከኛ በ12 ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ይዘገያል። እኛ ሰኞ በስድስት ሰዓት ምሳ ስንቀርብ፣ እነሱ ገና እሑድ ምሽት 5:30 ላይ ናቸው።

በዓለም ረጅሙ መደበኛ የመንገደኞች «የአገር ውስጥ» በረራስ? ከታሂቲ ፓሪስ! ኤር ታሂቲ ኑዊ በወትሮው ሎስ አንጀለስ ላይ ያርፍ ነበር፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ የአሜሪካን በር ሲያጠብ 15,715 ኪሎ ሜትሩን ሳያርፍ በ15 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ጨረሰው። ታሂቲ የፈረንሳይ ግዛት ናትና ተሳፋሪው ከአገሩ አልወጣም።

ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ 15,349 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከታሂቲው ያንሳል። ጊዜው ግን ከ18 ሰዓት በላይ! አብራሪዎች አጭሩን መስመር ትተው ነፋስ የሚገፋቸውን ረጅሙን ይመርጣሉ። ብዙ ጊዜ ሲሄዱ በፓስፊክ፣ ሲመለሱ በአትላንቲክ በኩል ነው፤ ደርሶ መልስ የቆረጠ ሰው ሳያስበው ዓለምን ዞረ።

ነፋሱ ቀላል አይምሰልዎ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከዋሽንግተን ዱለስ ወደ ለንደን የበረረ አውሮፕላን ከመሬት አንጻር በሰዓት 1,290 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ፣ 45 ደቂቃ ቀድሞ ገባ። የድምፅን ፍጥነት ግን አልጣሰም፤ በራሱ ፍጥነት ላይ የተሸከመው አየር ተጨምሮለት ነው።

የዱለስ ነገር ከተነሳ፣ ለብዙ ቤተሰብ የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ከዱለስ አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም፣ 13 ሰዓት ያህል፣ ቀጥታ። ከአዲስ አበባ ሲነሳ ግን አውሮፕላኑ እንደ ሮምና ደብሊን ባሉ ከተሞች አርፎ ነዳጅ ሲሞላ የኖረው ለምንድን ነው? ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ዱለስ መቶ ሜትር አይሞላም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚስበው ያንሰዋል። ስለዚህ ሙሉ መንገደኛና ሙሉ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሳት ይከብዳል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ነፋሱ ከፊት ነው። በሻንጣ የታጨቀው በርበሬና ሽሮ ከደሙ ንጹሕ ነው።

በካርታ ላይ አጭሩ የቦሌ–ዱለስ መስመር በሱዳንና በሊቢያ ሰማይ ያልፋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ የሱዳን ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋ። ዙሪያ ጥምጥሙም ነዳጅ ይበላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። በቲኬት ላይ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «ሰኞ 00:30» የሚል ካዩ፣ በኛ አቆጣጠር እሑድ ሌሊት 6:30 ነውና ሻንጣዎን ይዘው እሑድ ማታ ቦሌ ይገኙ።