ከውሉ ጠረጴዛ የጀመረ መከራ



በባልና ሚስት ጠብ መሳቅ አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓ፣ ሥዕልን በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ በወረቀት ማተም ከተስፋፋበት ከ15ኛው መቶ ዓመት አንስቶ፣ ያልሰመረ ትዳር የገበያ ሸቀጥ ሆኖ ኖሯል። ጀርመናዊው እስራኤል ፋን ሜክነም ባሏን የምትደበድብ ሚስት ቀርጾ አሳትሟል። ከእርሱም በኋላ ባልና ሚስት አንድ ሱሪ ይዘው ሲጓተቱ የሚያሳዩ ሥዕሎች በየአገሩ ለብዙ ዘመን ተሸጠዋል። «የቤቱ አዛዥ ማን ነው?» ማለታቸው ነበር። ተመልካቹ ይስቃል፤ ገዝቶም ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ጠቡ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አይጠይቅም።

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከጠየቁት አንዱ እንግሊዛዊው ዊሊያም ሆጋርዝ ነው። ሆጋርዝ በ1697 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ የላቲን ቋንቋ መምህር ሲሆኑ በዕዳ ምክንያት ታስረው ነበርና፣ ገንዘብ በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰውን ከልጅነቱ አይቷል። በ1743 ገደማ «ማሪጅ አ ላ ሞድ» የተባሉትን ስድስት ተከታታይ ሥዕሎች በቀለም ሠራ። ትርጉሙ «እንደ ዘመኑ ፋሽን የሚፈጸም ጋብቻ» እንደማለት ነው። ከዚያም በፈረንሳውያን ቀራጮች እጅ በመዳብ አስቀርጾ በ1745 አሳተማቸው። የስድስቱ ዋጋ አንድ ጊኒ፣ ማለትም 21 ሽልንግ ነበር።

ለመሆኑ ታሪኩ ከየት ይጀምራል? ከጠብ አይጀምርም፤ ከውል ይጀምራል። በአንደኛው ሥዕል ሁለት አባቶች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። አንደኛው በዕዳ የተዘፈቁ፣ እግራቸውን በሪህ የታመሙ ባለማዕረግ ናቸው፤ የዘር ሐረጋቸውን በጣታቸው ያሳያሉ። ሌላኛው ሀብታም የከተማ ነጋዴ ናቸው፤ በመነጽራቸው ውሉን ያነብባሉ። አንዱ ማዕረግ ይሸጣሉ፣ ሌላው በገንዘባቸው ይገዛሉ። ሙሽሮቹስ? ከጀርባ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊታቸውን አዙረዋል። ወጣቱ መልኩን በመስታወት ያያል። ልጅቷ ቀለበቷን በመሐረብ አሹልካ ትጫወታለች፤ አንድ ወጣት የሕግ ሰው ወደ እርሷ ጎንበስ ብሎ ያነጋግራታል። ከእግራቸው ሥር ሁለት ውሾች በአንድ ሰንሰለት ታስረዋል። ከሁለቱ ሙሽሮች ግን «ትፈልጋለህን? ትፈልጊያለሽን?» ተብሎ የተጠየቀ ያለ አይመስልም።

ሁለተኛው ሥዕል ከሠርጉ በኋላ ያለውን ቤት ያሳያል። ባል ሌሊቱን በውጭ አሳልፎ ወንበር ላይ ተዘርሯል፤ የሌላ ሴት ቆብ ከኪሱ ወጥቶ ይታያል። ሚስትም ድካሟን ታንጠራራለች። የቤቱ ተቆጣጣሪ ያልተከፈለ የዕዳ ወረቀት ታቅፎ፣ ተስፋ በመቁረጥ እጁን አንሥቶ ይወጣል። በሦስተኛው ባል በአባለዘር በሽታ ተይዞ ከአንድ አጭበርባሪ ሐኪም ዘንድ ቆሟል። በአራተኛው ያ የሕግ ሰው ከሚስቲቱ መኝታ ቤት ገብቶ ወደ ጭምብል ጭፈራ ይጋብዛታል። በአምስተኛው ባል ሁለቱን በተከራዩት ክፍል አግኝቷቸው በሰይፍ ተወግቶ ይሞታል፤ ገዳዩ በመስኮት ያመልጣል፤ እርሷ ተንበርክካ ትለምናለች።

መጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። የሕግ ሰውየው ተሰቅሏል፤ እርሷም ይህን ሰምታ በአባቷ ቤት መርዝ ጠጥታለች። ሞግዚት ያቀፈቻት ሕፃን እናቷን ልትስም ትጎነበሳለች። የሕፃኗ እግር በብረት ታስሯል፤ በጉንጯም የአባቷ በሽታ ምልክት አለ። አባትየው ነጋዴ ግን ምን እያደረጉ ነው? ከምትሞተው ልጃቸው ጣት ላይ ቀለበቱን ያወልቃሉ! ጋብቻው በሒሳብ ተጀመረ፣ በሒሳብም ተዘጋ።

ሆጋርዝ ባልንም ሚስትንም ንጹሕ አላደረገም፤ እያንዳንዱ ለሠራው ተጠያቂ ነው። ነገር ግን ዓይናችንን ደጋግሞ ወደ መጀመሪያው ጠረጴዛ ይመልሰዋል። የሱሪው ሥዕል «ተመልከቱ፣ እንዴት ይጣላሉ!» ይላል። የሆጋርዝ ሥዕል «ማን አጋባቸው? በምን ሚዛን?» ብሎ ይጠይቃል። ደግሞም በ1743 በጋዜጣ ባወጣው ማስታወቂያ፣ በሥዕሎቹ የታወቀ ግለሰብ እንዳልተነካ አስታውቋል። የሰውን ገመና በስም እየጠሩ መሳለቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ፣ ይህ ጥንቃቄ ልብ የሚባል ነው።

በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ያገባች ሴት ገንዘብ በአብዛኛው በባሏ እጅ ይገባ ነበር፤ በስሟ ንብረት የመያዝ መብቷን በሰፊው ያረጋገጠላት በ1882 የወጣው ሕግ ነው። በእኛ ዘንድ መህሩ የሙሽራይቱ የራሷ ሀቅ ነው፤ የአባትም የባልም አይደለም። ፈቃዷም ሊጠየቅ ይገባል። ይህን እያወቅን ግን ልጃችን በታጨች ጊዜ በቅድሚያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? ስለ ዲኑና ስለ ጠባዩ ነውን? ወይስ ምን እንዳለው፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው አገር እንደሚኖር? መልሱን እያንዳንዳችን በየቤታችን እንመርምር። ወጣቶችም ብትሆኑ፣ መልክንና ሀብትን ብቻ ስትመዝኑ ያንኑ ጠረጴዛ ራሳችሁ እየዘረጋችሁት ነው።

ስድስቱ የቀለም ሥዕሎች ከ1824 ጀምሮ በለንደን ናሽናል ጋለሪ ይገኛሉ። የሚያያቸው ሰው በመጀመሪያ በአልባሳቱና በሐሳዊው ሐኪም ይስቅ ይሆናል። ሕፃኗ ዘንድ ሲደርስ ግን ሳቁ ይቆማል። በውሉ ላይ ያልፈረመች፣ ሐሳቧን ያልተጠየቀች፣ ዕዳውን ግን የወረሰች እርሷ ናትና።

አላህ ትዳራችንን የመዋደድና የእዝነት ቤት ያድርግልን። አሚን።