ልጅዎ ከቤት ወጥታ እስክትደርስ የት የት ታድራለች?

በደሴ ከቧንቧ ውሃ እስከ ሆጤ፣ ቁልቁልም እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ልጇን፣ እኅቷን ወይም የጎረቤቷን ልጅ ወደ ዐረብ አገር ያልሸኘች እናት ማግኘት ቀላል አይደለም። ቡና ተፈልቶ ስለ ጉዞው ወሬ ሲነሣ ግን ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ሁለት ብቻ ነው፤ ይኸውም «የትኛው አገር ነው የምትሄደው?» እና «ደመወዟ ስንት ነው?» የሚል ነው። ከቤቷ ወጥታ አሠሪዋ ቤት እስክትገባ ድረስ ባሉት ሌሊቶች የት እንደምታድር፣ በምን እንደምትጓዝና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን አጥብቆ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እነዚህ ሌሊቶች ነው። ለጉዞ የተጠራቀመ ገንዘብ የሚባክነው፣ ፓስፖርት በሰው እጅ የሚቀረው፣ ልጅቱም ከማታውቀው ደላላ ላይ የምትወድቀው ብዙ ጊዜ በዚህ መካከል ነውና እናቶች ከመሸኘታቸው በፊት ሌሊቶቹን አንድ በአንድ እንዲቆጥሩ እንመክራለን።

ደሴ የሚያልቀውን ደሴ መጨረስ

ከአገር ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉዳይ ሁሉ አዲስ አበባ ብቻ የሚፈጸም የሚመስላቸው አሉ። በዚህም ምክንያት ልጅቱ ፓስፖርት እንኳ ሳይኖራት ልብሷን ሸክፋ ትነሣለች። የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ግን ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለው። የልደት የምስክር ወረቀትም የሚወጣው ከምትኖርበት ከተማ ነው። ሥልጠናውና የሙያ ብቃት ማረጋገጫው ከቤት ሳይርቁ ይገኝ እንደሆነ በከተማው የሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤት ቀርቦ መጠየቅ ይቻላል።

የዚህን ጥቅም በሒሳብ ቢያዩት ይበልጥ ይገባል። አንዲት ልጅ አዲስ አበባ ላይ 4 ቀጠሮ አላት እንበል። በየቀጠሮው መካከል 10 ቀን ቢኖር፣ ጉዳይዋ የ4 ቀን ብቻ ሆኖ ሳለ ለማረፊያ የምትከፍለው የ30 ሌሊት ይሆናል። ምግቡ፣ ታክሲው፣ የስልክ ካርዱ ከዚህ በላይ ነው። ከ4ቱ ቀጠሮ 2ቱን ደሴ ላይ ብትጨርስ የማረፊያው ወጪ እጅግ ይቀንሳል። በሁለት ቀጠሮ መካከል ረጅም ጊዜ ካለም የአውቶቡሱን የደርሶ መልስ ዋጋ ከማረፊያው ኪራይ ጋር አስተያይቶ ወደ ቤት መመለስ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ደብረ ሲናንና ደብረ ብርሃንን አቋርጦ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በጦርነት ውስጥ በነበሩበት ጊዜ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የከተማው ሰው አይቶታል። ስለዚህ ለቀጠሮ በዋዜማው መነሣት አይበቃም፤ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቆ ሁለትና ሦስት ቀን መጠባበቂያ መያዝ ይገባል። ይልቁንም የበረራው ቀን ሲቀርብ ይህ ጥንቃቄ መዘንጋት የለበትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና።

አዲስ አበባ ላይ ማን ጋ ታርፋለች?

አውቶቡሱ አመሻሽ ላይ መናኸሪያ ሲገባ ሻንጣ ይዛ ወዲያና ወዲህ የምታይ ልጅ ከሩቅ ትለያለች። «ማረፊያ አለሽ ወይ፣ እኅቴ?» የሚላት ሰው ለማግኘት ብዙ አትቆምም። ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን የት እንደምታድር የሚወስነው እርሱ ከሆነ የቀረውንም የሚወስነው እርሱ ይሆናል።

ከሁሉ የሚሻለው ዘመድ ጋ ማረፍ ነው። ዘመድ ቢሆንም ቀድሞ በስልክ መነጋገር ነውር የለውም። ስንት ሌሊት እንደምትቆይ፣ ለአስቤዛው ምን እንደምትረዳ፣ ከመናኸሪያ ማን እንደሚቀበላት ከመነሣቷ በፊት ይወሰን። «ለጥቂት ቀን ነው» ተብሎ የገባ እንግዳ ሁለት ወር ሲቆይ ቅያሜ እንደሚመጣ እናቶች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። አስቀድሞ የተነገረ ቀን ግን ቢራዘም እንኳ በሰላም ይራዘማል።

ዘመድ ከሌለ ከሌሎች ተጓዦች ጋር በደባልነት ክፍል መከራየት የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ልጅዎ የሚከተሉትን ሳትጠይቅ ሻንጣዋን እንዳታስገባ ይንገሯት። የአንድ ሌሊት ዋጋ ስንት ነው? ምግብ ይጨምራል ወይስ ለብቻው ነው? ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ያድራል? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ሒሳቡ በየሳምንቱ ይከፈላል ወይስ ይጠራቀማል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። «አሁን ግድ የለም፣ ኋላ ከደመወዝሽ ትከፍያለሽ» ከተባለች ያ ማረፊያ ዕዳ እየወለደ ያድራል። ባለዕዳ የሆነች ልጅ ደግሞ ውሉ ቢለወጥባትም፣ አገሩ ቢቀየርባትም «አልሄድም» ለማለት ይቸግራታል።

ፓስፖርትና መታወቂያ የቤት ኪራይ መያዣ አይደሉም። ፓስፖርቱ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ሕጋዊ ፈቃድ ላለው ኤጀንሲ ሲሰጥ እንኳ የተረካቢው ስም፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ደረሰኝ መቀበል ይገባል። የሁሉም ሰነድ ኮፒ አንዱ ከልጅቱ ጋር ይሁን፤ ሌላው እርስዎ ዘንድ ደሴ ይቀመጥ።

ትኬቱን የሚከፍለው ማን ነው?

ብዙ ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ ዕቁብ ወጥቶ ወይም ተበድሮ «ለትኬት» እያለ ለደላላ ይከፍላል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ዐዋጅ ቁጥር 923/2008 ግን ወጪውን ለይቶ ደንግጓል። የመግቢያ ቪዛ ክፍያ፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ዋስትና የሚሸፈኑት በአሠሪው ነው። ተጓዧ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት የምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ ለመሆኗ ማስረጃና ለሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሚወጣውን ነው።

እንግዲህ «ለአውሮፕላን ይህን ያህል አምጪ» የሚል ሰው ሲመጣ እርስዎ የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ «ዐዋጁ የአሠሪው ነው ይላል፤ የእርስዎ ኤጀንሲ ፈቃድ የታለ?» ይበሉት። ፈቃድ ያለው ሰው በዚህ አይቆጣም። ከዚህም በላይ ሕጋዊ ኤጀንሲ ውሉ ቢፈርስ ከአሠሪው ጋር አብሮ ተጠያቂ ስለሚሆን፣ ልጅዎ ችግር ቢደርስባት የሚጠየቅ ሰው አገር ውስጥ ይኖራል። ደላላው ግን ስልኩን ሲዘጋ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ለሥራ የምትሄደው ልጅ ዕድሜዋ 18 መሙላቱም የሕጉ ግዴታ መሆኑን አይዘንጉ። ዕድሜ ጨምሮ የወጣ ፓስፖርት ኋላ ችግር ሲመጣ እውነተኛ ስሟንና ዕድሜዋን ለማስረዳት እንኳ ያስቸግራል።

በባቲ በኩል ያለው መንገድ

ኮምቦልቻ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ከሚሴና ወደ አዲስ አበባ ያመራል። ሌላው በሰኞ ገበያዋ ወደምትታወቀው ባቲ፣ ከዚያም በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ውጭ መሄድ በታገደ ጊዜ ሕጋዊው በር እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ተዘግቶ ስለነበር በዚህ መንገድ የሄዱት ጥቂት አልነበሩም። በሩ ከተከፈተ በኋላም «በአጭር ጊዜ፣ በአነስተኛ ገንዘብ» እየተባለ ወጣቶች ዛሬም በዚሁ ይነጉዳሉ።

በዚህ መንገድ ላይ ማረፊያ ብሎ ነገር የለም። ተጓዡ በሌሊት ይነዳል፤ ቀን በጥሻ ወይም በተዘጋ ግቢ ይውላል። ከአንዱ ደላላ ለሌላው ይተላለፋል። ከጅቡቲ ዳርቻ ከኦቦክ በጀልባ ተሻግሮ የመን ሲደርስ ደግሞ በአጋቾች እጅ ወድቆ ለቤተሰቡ «ገንዘብ ላኩ» እያለ የሚደውል ብዙ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ብቻ ከ138,000 የሚበልጡ ስደተኞች ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን መሻገራቸውን ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻም በየመን ዳርቻ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ ሰጥማ ከ60 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። «ርካሽ ነው» የተባለው መንገድ ዋጋው የሚታወቀው ከመካከሉ ሲደረስ ነው። መመለስም የማይቻለው ያን ጊዜ ነው።

ልጅዎ «ጓደኞቼ በባቲ ሊሄዱ ነው» ብትልዎ በቁጣ ብቻ አይመልሷት። አስቀምጠው «ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ? ነገስ? ከነገ ወዲያስ?» ብለው ይጠይቋት። ለሦስቱ ሌሊት እንኳ መልስ እንደሌላት እርሷ ራሷ ትሰማዋለች።

ከአውሮፕላን ከወረደች በኋላ

ሪያድም ሆነ ጅዳ፣ አዲስ ሰው የሚደናገረው ከአውሮፕላን ወርዶ ሻንጣውን እስኪያገኝና ተቀባዩን እስኪለይ ድረስ ነው። የተቀባዩ ስም፣ የአሠሪው ሙሉ ስም፣ የቤቱ ከተማና ስልክ፣ የኤጀንሲው ስልክ እንዲሁም በዚያ አገር የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ስልክ በወረቀት ተጽፎ ይያዝ። በስልኳ ውስጥ ብቻ መሆኑ አይበቃም፤ ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ይወሰዳል፣ የአገር ቤቱም ሲም ካርድ እዚያ ላይሠራ ይችላል። የእርስዎን ቁጥር ግን በቃሏ ታጥና።

በደረሰች በስንተኛው ቀን እንደምትደውል ተስማሙ። በዚያ ቀን ካልተሰማች እርስዎ ለኤጀንሲው ይደውላሉ፤ በማግሥቱም በአካል የሚሄድ ሰው አዲስ አበባ ላይ አስቀድሞ ይመረጥ። ፓስፖርቷን አሠሪዋ «እኔ ልያዝልሽ» ሊላት ይችላል። የዓለም የሥራ ድርጅት በሰኔ 2003 ዓ.ም. ባጸደቀው በቁጥር 189 ስምምነት የቤት ሠራተኞች የጉዞና የመታወቂያ ሰነዳቸውን ራሳቸው የመያዝ መብት እንዳላቸው ተደንግጓል። በተግባር መብቱ ባይከበርላት እንኳ ኮፒው ከእርሷም ከእርስዎም ዘንድ ካለ ማንነቷን ለማስረዳት ይጠቅማታል።

ያልታሰበው ሌሊት

ከሁሉ የሚረሳው ሥራው ሳይሠምር ቀርቶ ከአሠሪው ቤት የምትወጣበት ሌሊት ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ባስወጣች ጊዜ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ፣ የሊባኖስ ኢኮኖሚ በተናጋበትና ኮሮና በገባበት ወቅት፣ አሠሪዎቻቸው ያስወጧቸው እኅቶቻችን ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ በእግረኛ መንገድ ላይ አድረዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ለዓመታት ደመወዛቸውን በሙሉ ለቤተሰብ ሲልኩ የኖሩ ናቸው።

ከዚህ የምንማረው የመመለሻ ገንዘብ እንዳለ ሁሉ መላክ እንደሌለበት ነው። ቤተሰብ በየወሩ ከሚላከው ላይ ጥቂት በልጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ያስቀምጥላት። ይህ ገንዘብ ለቤት ማደሻም፣ ለሠርግም፣ ለዕዳም የማይነካ ይሁን። አንድ ቀን ስትመለስ ከቦሌ እስከ ደሴ የሚያደርሳት፣ እስክትረጋጋም የሚያኖራት ይኸው ነው። ታማ ወይም ተጎድታ ለምትመለሰውም መጠለያና ክብካቤ የሚሰጡ እንደ አጋር ያሉ የበጎ አድራጎት ማኅበራት አዲስ አበባ ላይ መኖራቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

ከምርቃቱ በፊት አንድ ወረቀት

እንግዲህ ልጅዎ የምትነሣበት ቀን ከመድረሱ በፊት አንድ ወረቀት አውጥታችሁ አብራችሁ ጻፉ። በየመስመሩ አንድ ሌሊት ይሁን፤ በመስመሩም ላይ አራት ነገር ይጻፍ። የት ታድራለች? በምን ትሄዳለች? ማን ይከፍላል? ችግር ቢመጣ ለማን ይደወላል? ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ከእርሷ ጋር ይሄዳል፤ ሌላው እርስዎ ዘንድ ይቀራል። ባዶ የቀረ መስመር ካለ ጉዞው ገና አልተሰናዳም ማለት ነው፤ አንድ ሳምንት ቢዘገይ አይጎዳም።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠሩና ከደመወዛችሁ ቆጥባችሁ ታናሽ እኅታችሁን ለመላክ የምታስቡ እኅቶችም ይህንኑ አድርጉ። ገንዘብ ስለሰጣችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

በወሎ መንገደኛ ያለ ምርቃት አይሸኝም። አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው ከመመረቃቸው በፊት ወረቀቱ ጮክ ተብሎ በፊታቸው ይነበብ። ከጎረቤት ወይም ከዘመድ አንዱ «እዚያ ጋ እኮ የማውቀው ሰው አለ» ወይም «ይህ ስልክ ትክክል አይደለም» የሚለው ያን ጊዜ ነውና።