«አማኑኤል» የሚባለው ቤት

ወር በገባ በ5ኛው ቀን አዲስ አበባ፣ መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ነጠላ ያጣፋ ምእመን ይበዛበታል። ዕለቱ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው፤ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ደግሞ ዓመታዊ በዓላቸው ነው። በሥዕላቸው ላይ አንበሶችና ነብሮች ግራና ቀኝ ከበዋቸው ይታያሉ። አውሬ የተገራላቸውን ጻድቅ፣ ውስጡ አውሬ የገባበት የመሰለው ሰው ቢማጸናቸው ምን ይገርማል?

እኛ ቤት አንድ ልጅ እንቅልፍ አጥቶ ብቻውን ማውራት ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ቃል «ታሟል» አይደለም። «ተለክፏል»፣ «ዐይነ ጥላ ነው»፣ «መንፈስ ነው» ይባላል። ኦርቶዶክሱ ጠበል፣ ሙስሊሙ ሩቅያ፣ ጴንጤው የነፃ መውጣት ጸሎት ይዞት ይሄዳል። ሐኪም የሚታሰበው ሁሉም ተሞክሮ ሲያልቅ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች የተዳሰሱበት ጥናት ይህን መራራ እውነት አሳይቷል፤ ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው ውስጥ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት ከ10 አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ።

ጥፋቱ ግን የአማኙ ብቻ አይደለም። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ጊዜ መርካቶ አጠገብ የተከፈተው አማኑኤል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. የሳይካትሪ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ሲጀምር፣ ለ70 ሚሊዮን ሕዝብ የነበሩት የዘርፉ ሐኪሞች ከደርዘን አይበልጡም ነበር። ጠበሉ ግን በየደብሩ አለ፤ ደግሞም ወረፋና ካርድ አይጠይቅም።

በአውሮፓ ክርክሩ የሊቃውንት ነበር። ፍሮይድ በ1927 እ.ኤ.አ. ሃይማኖትን ከምኞት የተወለደ ቅዠት ሲለው፣ ዩንግ ከ10 ዓመት በኋላ በዬል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ትምህርት ሃይማኖትን የነፍስ ጥልቅ ጉዳይ አድርጎ ተከራከረ። በእኛ አገር ግን ጥያቄው የመጽሐፍ አይደለም፤ ልጇን ይዛ የወጣች እናት የትኛውን ታክሲ ትሳፈር የሚል ነው።

ሐኪም ሃይማኖት የሚሰጠውን ሁሉ አይሰጥም። ምስጢር የሚጠብቅ የንስሐ አባት፣ አብሮ ሱባኤ የሚገባ ጎረቤት፣ «ብቻህን አይደለህም» የሚል ድምፅ ለተጨነቀ ሰው መድኃኒት ነው። ነገር ግን ጠበልተኛውን በሰንሰለት ማሰር፣ «እምነትህ ጎደለ» ብሎ ክኒኑን ማስጣል፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው አጋንንት ነው ብሎ መሸሽ ሃይማኖት ሊባል አይገባውም።

መንገዱ ከዚህ በፊት ተጠርጓል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲመጣ እንጦጦ ማርያም ጠበል የነበሩ ብዙ ሕሙማን «ከጠበሉ ጋር አይሄድም» ብለው ሸሽተውት ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ለአእምሮ ሕመምም የሳይካትሪ ሐኪሞችና ጠበል አጥማቂ ካህናት በአንድ ግቢ ታማሚ የሚቀባበሉበት ሙከራ አዲስ አበባ ውስጥ ተጀምሯል።

ሥርዓቱ ራሱ በቤተ ክርስቲያኗ 81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ታማሚው አስቀድሞ እንዲጸልይ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ቦታ እንዲሰጥ ያዛል፤ ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል።

በከተማችን «አማኑኤል ግባ» ስድብ ሆኗል። የስሙ ትርጉም ግን «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ነው። እንግዲህ ልጅዎ ቢታመም ከአቦ ደጅ ጸልየው ይውጡ፤ ከዚያ ወደ አማኑኤል ይሂዱ። ከእግዚአብሔር አልራቁም።